ደርሶ መልስ

አራት ጊዜ መጣን፣ አራቴም ተመለስን፤
ጎህ ሲቀድ ከአዳማ፣ በማታ ቤታችን።
እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ የተዘጋ ሱቅ ያመኛል፣
ያልነፋሁት ጎማ በሕልሜ ይመጣብኛል።

ትርንጎ ግን ሁሌም፣ መቂን ሳናልፍ ገና፣
መስኮቱን ታይና፣
"ዛሬስ እናድር ይሆን?" ትላለች፣
ለመንገድ ዳር ሽንኩርት የምታወራ ሆና።

እኔም አላንስም፣ ጣቴን አወጣለሁ፤
አልጋ ሺህ ሁለት መቶ፣ ራት፣ ቁርስ እደምራለሁ።
ዶሮዎቹን ማን ይዘጋል? ማን ይከፍታል ሱቁን?
ሐይቅ እንደሆን ውሃ ነው፤ ቀን ያየው አየ ሙሉውን።

አምስተኛውም እንደ ወትሮው ነበር። አሞራ ገደል ደረስን፣
ቆሮሶ ጥብስ በሚጥሚጣ፣ እጃችንን እየላስን።
አባ ኮዳው ቆሟል ከአሳ ሻጮቹ መደዳ፣
ራሰ በራ፣ ካፖርት የለበሰ፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ፣
አንጀት እስኪወረወርለት ፍርድ ያቆየ።
ትርንጎ ሳቀችበት። እኔ ሰዓቴን አየሁ።
ገና ስምንት ሰዓት ነው፤ እኔ መንገድ ገብቻለሁ።

"ጉማሬውን?" አለን ዳንጊሶ፣ ጀልባውን እያሰረ፣
"እሱ ለሣር የሚወጣው ሲመሽ ነው፤ ይታያል ላደረ።"

ላደረ።
ትርንጎ ቃሉን ይዛ ዞር ብላ አየችኝ፤
ምንም አላለችም። ያ ነው የከበደኝ።

አስር ሰዓት፣ መናኸሪያ፤ አቧራ፣ ጥሩንባ፣ ማስቲካ አዟሪ።
ረዳቱ በመስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ፦
"ናዝሬት! ናዝሬት! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ቀረ!"
አንዱ እግሬ የመኪናውን ደፍ ረግጦ ነበረ።
"ግባ እንጂ አባት! እሳቸው በሚቀጥለው ይምጡ!"

ዞርኩ። ትርንጎ ፌስታሏን ታቅፋ፣ አንድ ጫማዋን አውልቃ፣
የሐይቁን አሸዋ ታራግፋለች፣
እህል እንደሚያበጥር ሰው፣ ተጠንቅቃ።

"ሁለት ነን" አልኩት።
አፌ ላይ እንግዳ ሆነብኝ ቃሉ።
"ሁለት ነን" ደገምኩት።
"ሁለት ከሆናችሁማ እደሩ!"
ተሳፋሪዎቹ ሳቁ፣ እነዚያ ሁሉ።

አደርን።
አዳራችን ግን እንደሚወራው አልነበረም፤
ቧንቧው ይተነፍሳል እንጂ ውሃ የለውም፤
ከታች ሠርግ ነው፣ ድምፅ ማጉያው ግድግዳውን ይደበድባል፤
ትንኟ ከሁለቱ ጆሮዬ ግራውን መርጣለች።
ለእትዬ ቦጋለች ደወልኩ፣ ስለ ዶሮዎቹ።
"ተኝተዋል" አሉኝ፣ "አንተም እንደነሱ ተኛ።"

ጉማሬ አላየንም።
ከደንገሉ ውስጥ የሽማግሌ ሳል የመሰለ ነገር ብቻ መጣ።
ትርንጎ በጨለማው ክንዴን ያዘች።
"ሰማህ?"
ሰማሁ።
ከዚያ አወራች። እናቷ የሞቱ ዕለት
ለምን እንዳላለቀሰች ነገረችኝ፣
ከሐይቁ ዳር እስከ አልጋው፣ ሠርገኛው እስኪበተን።
አስራ ሦስት ዓመት አብረን ስንበላ ያልሰማሁትን።
ጣቴን አላወጣሁም። የሚደመር አልነበረም።

ጠዋት ዘበኛው፣ ፎጣውን በትከሻው ጣል አድርጎ፣
"እንደምን አደራችሁ?" አለን፣ በሩን ገርበብ አርጎ።

በዚህ ከተማ "እንደምን ዋላችሁ" ስንቴ ተብያለሁ፤
ይሄኛውን ግን፣ ሳላድር፣ ከማን እሰማለሁ?
ቆሜ ቀረሁ፣ ብሬን በእጄ እንደያዝኩ፣
እንደ ልጅ፣ መልሱ የጠፋበት።

ትርንጎ መለሰችለት።
እኔ የመኪና ሰዓት ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣
"የአሳ ሾርባ" አልኩ፣ "የት ይገኛል በዚህ ሰዓት?"